ትኩሱን

ሐምሌን በጋ ማለት አፌን አሁንም ይከብደዋል፤
ኡም አልቁዌን ዳር ነፋስ የለም፣ ባሕሩ ራሱ አልቦታል።
አሸዋው በአራት ሰዓት ማታም እግር ይፈጃል፤
በዚህ ላይ ከሰል ማያያዝ የጤነኛ ሰው ይመስላል?

እኛ ግን አያያዝነው።

ዘበኛው ኩንጁ ሦስት ብሎኬት ከሚጠብቀው ግንብ አመጣ፤
ከተጣለ ኦቨን የወለቀ ሽቦ ለፍርግርግ ወጣ።
እናትነሽ ከሻርጃ ድረስ ሊጡን በባልዲ ታቅፋ፣
በአውቶቡሱ ሙቀት ሲነሳ ክዳኑን በክርን ደግፋ።
ማሪቴስ በለስ ገዛች፣ ኮክም፣ ግማሹ የተመታ፣
ገበያው ሊዘጋ ሲል፣ ካርቶኑ በአምስት፣ ማታ።
ሉባባም፣ እኔ ነኝ፣ ሐሉሚ ከደመወዜ ቆርጬ፣
ሁለት ጥቅል፣ ከበረዶ ጋር፣ በፌስታል ውስጥ ሸጉጬ።

እንጀራ ያልሆነ ቂጣ፣ ቂጣም ያልሆነ ነገር፣
ሦስት በጋ ጠብሻለሁ በመዳም ጓሮ ሳልቆጥር።
ሊጡን ስስ አድርገሽ ዘርጊ፣ ግን ብርሃን አያሳይ፤
ዘይቱን ሊጡን ቀቢው እንጂ እንዳይፈስ ከሰሉ ላይ።
እንደ ተቆጣ ሕፃን ፊቱ እዚህም እዚያም ሲነፋ፣
ገልብጪው። የፈራች እጅ ናት ቂጣ የምታጠፋ።
በለሱን ለሁለት ሰንጥቂ፣ ሆዱን ለእሳት አሳዪው፤
ስኳሩ መጥቆር ሲጀምር፣ ሳይመር በፊት አንሺው።
አይቡ ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ እሳት አይቶ የማይቀልጥ፣
ሰንበር ብቻ ያወጣል እንጂ ለማንም እጅ የማይሰጥ።
በሆዴ ስሙን «ሐሊማ» ብዬዋለሁ፣ በአክስቴ ልጅ፤
ሦስት ባል ፈታች ከሚሴ፣ አልቅሳ አታውቅም በደጅ።

በመዳም ጓሮ እንግዳው በመብራት ሥር ይሰየማል፤
ትሪው ይዞራል፣ ይወደሳል፣ «ማሻአላህ» ይባላል።
እኔ ከፍሙ ጎን ቆሜ፣ ጢስ ዓይኔን እየቆጠቆጠ፣
ስንቱ ቂጣ በእጄ አለፈ፣ ስንቱ ከፊቴ ተቆረጠ።
የመጨረሻው እንግዳ ሄዶ፣ ሰሃኑ ሁሉ ታጥቦ፣
ጠርዙ ይደርሰኛል፣ ቀዝቅዞ፣ አይቡ እንደ ላስቲክ ተስቦ።
ክፉ አልነበረችም መዳም። «ብዪ» ትላለች፣ አትሰስትም።
ግን «ብዪ» የሚለው ቃል ሲደርስ ቂጣው ትኩስ አልነበረም።

ዛሬ የኛ ዓርብ ነው።

የመጀመሪያው አረረ። ኩንጁ ነው፣ ወሬ ይዞ፤
ሁለተኛው ከሽቦው ሾልኮ ወደቀ ተጠምዝዞ።
ሦስተኛውን ዘርግቼ፣ በለስ፣ ኮክ፣ አይብ ደርድሬ፣
ማር ከጣሳው አፍስሼ፣ ጥቁር አዝሙድ ቆንጥሬ፣
ለስምንት ቆረስኩት። አደልኩ። ለሴቶቹ፣ ለዘበኛው፣
ስሙን ለማናውቀው ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን ትቶ ለመጣው፤
ለእናትነሽ የጾም ነው፣ ያለ አይብ፣ በለስና ማር ብቻውን።
ከዚያ እንደ ልማዴ ቆምኩ፣ አጣጥፌ እጄን፣
ማን ምን እንደ ጎደለው በዓይኔ እየለቀምኩ ፊቱን።

«ምን ይገትርሻል?» አለች እናትነሽ፣ አገጯ በማር፤
«መዳም እዚህ የለችም እኮ፤ ተቀመጪ በእግዜር!»
ጉልበቴ እምቢ አለ መጀመሪያ። እውነቴን ነው፣ አልታጠፈም፤
ሦስት ዓመት ተገትሮ ኖሮ መቀመጥ ትዝ አላለውም።

ተቀመጥኩ።
ነከስኩት።

አቃጠለኝ። ላንቃዬን፣ ምላሴን፣ ከንፈሬንም አልማረም፤
ኮኩ ፈነዳ፣ አይቡ ጥርሴ ሥር ሲጢጥ አለ፤
ማሩ በክንዴ ሲወርድ ጨርቅ አልፈለግኩም።
እፍ እፍ ስል፣ ዓይኔ እንባ እንባ ሲል፣ ሳቁብኝ፤
«ከጢሱ ነው» አልኩ። ኩንጁ ብቻ አመነኝ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉቱ፣
እውነት ሳይሆን አይቀርም። ያው ነው ሊጡ፣ ጨዉ፣ እሳቱ።
በመዳም ጓሮ ያጣሁት ጉልቻ አልነበረም፤
መቀመጫ ነበር። ወይም እሱም ብቻ አይደለም።

እኩለ ሌሊት አለፈ። «ቅዳሜ ገባ» አለች እናትነሽ፤
«አሁን ያችን ሐሊማሽን አምጪያት፣ ጾሜን ፈታሁልሽ።»
አንድ ሊጥ ነበር የቀረን። ማሪቴስ «እኔ!» ብላ ገፋችኝ፤
ዘይቱን ከሰሉ ላይ ደፋች። ልናገር ነበር፣ ሳቅ ቀደመኝ።
ነበልባሉ ዘለለ፣ ፊታችን ሁሉ በራ፣ ጮህን፣
ግማሹን ያረረውን ቂጣ ተሻማንበት፣
ትኩሱን።